የባሻ ላምቤቦ ኮትና የእኔ ቡላ

ካውያ ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አስቀመጥኩ ስላችሁ በሽልማትና በጭብጨባ እንዳይመስላችሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና የአንድ መምህር ሸሚዝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ምልክት ጣልኩ። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ “ምንም አይደል አባባ” ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ከሰሉን ደፋሁና በሩን ዘጋሁ። ሥራ አበላሽተህ ሰው ካልተቆጣህ፣ አርጅተሃል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ለምክር ነው። በተለይ የአያታቸውን የወታደር ልብስ ከሳጥን ያወጡ ልጆች። “አባባ፣ እንዲህ ተጨማዷል፣ እንዴት እናቃናው?” ይሉኛል። መጀመሪያ ያን የኤሌክትሪክ ካውያችሁን ከሶኬቱ ንቀሉት እላለሁ። ይስቃሉ። ምን ያስቃል? ስንት ዓመት ታጥፎ የኖረ ሱፍ እጥፋቱ ላይ ክሩ ደክሟል። በጋለ ብረት ከተጫንከው እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። አንዱን ነገር ለሁሉም ስደጋግም ምራቄ አለቀ፤ ለዚህ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

የተወለድኩት ሀቢቾ ነው። ሚሽን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ ሆሳዕና ገባሁ። ጸሐፊነቱ አልተገኘም። የተገኘው ጋሽ በላቸው ነው።

ጋሽ በላቸው የመንዝ ሰው ነው። አዲስ አበባ ጦር ሠፈር ውስጥ የመኮንኖች ልብስ ሲያጥብና ሲተኩስ ኖሮ፣ አንድ ዳኛ ተከትሎ ሆሳዕና መጣ። ዳኛው ተዛወሩ፣ እሱ ቀረ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ልብስ ይተኩሳል። ስገባ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ “አንተ የሚሽን ልጅ፣ ትጠጣለህ?” አለኝ። አልጠጣም አልኩት። “ጥሩ። ካውያና ጠጅ አንድ እጅ ላይ አይስማሙም። እኔ ስለምጠጣ ማታ ማታ አልሠራም” አለ። እንዲህ ተቀጠርኩ። ስለ ደሞዙ ተዉት፤ ያበላ ነበር፣ አይተርፍም ነበር።

የመጀመሪያውን ወር ካውያ አላስነካኝም። ከሰል አስለቀመኝ። የሚንጣጣ ከሰል ለካውያ አይሆንም፤ አንዲት ፍንጣሪ የሰው ሰርግ ታበላሻለች። ጠንካራውን፣ ድምፅ የሌለውን እመርጣለሁ፤ አመዱን ከበር ውጭ፣ ልብሱ ከሌለበት በኩል አራግፋለሁ። ካውያው ሲግል እሱ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ ያሳርፈዋል። አቡጀዲው ቢጫ ካለ ለሱፍ አይሆንም፤ በር ላይ ወስዶ ያቀዘቅዘዋል። ካውያ በእጁ እያለ አያወራም። ሰላም ቢሉት በቅንድቡ ነው የሚመልሰው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ብዙ ጊዜ ተቀይሞት ሄዷል።

ልብስ ሲቀበል ሌላው ሰው “መቼ ይድረስ?” ይላል። እሱ “የት ኖረ?” ነው የሚለው። ሳጥን ውስጥ? ፍራሽ ሥር? ጭስ ያለበት ቤት? መልሱን ሰምቶ ያሸተዋል። ከዚያ በእጁ ጀርባ ይዳስሰዋል። “መዳፍ ሥራ ያደነደነው ነው፣ ይዋሻል። የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም” ይላል። አሮጌ የወታደር ሱፍ ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ጥላ ላይ ይሰቀላል፣ በብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠረጋል፣ ከሚፈላ ድስት በላይ እንፋሎት እንዲጠጣ ይደረጋል። የነሐስ ቁልፎቹ ሥር ካርቶን ይገባል። የማዕረግ ምልክቱ ፊቱን ወደ ታች ፎጣ ላይ ይተኛል። ከዚያ እርጥብ አቡጀዲ ይለብስና ካውያው ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ ይቀመጣል፣ ይነሳል። አይጎተትም። “ሱፍ በግ ነው” ይለኛል። “በግ ከገፋኸው ይተኛብሃል።” ሲጨርስ ኮቱን መስቀያ ላይ ያደርገውና ትይዩ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ልብስ እውነቱን የሚናገረው ሲቀዘቅዝ ነው ባይ ነው። አንድ ቦታ ተመልሶ ከተጨማደደ፣ ያለ ምንም ማጉረምረም እንደገና ከድስቱ ይጀምራል።

ከእሱ ዘንድ አራት ዓመት ቆይቼ አንጋጫ ፖሊስ ጣቢያ ተቀጠርኩ። እዚያ ሥራው ካኪ ነው። አለቃዬ አምሳ አለቃ ሰኞ ሰኞ ፖሊሶቹን አሰልፎ የሱሪያቸውን እጥፋት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ያልፋል፤ ጣቱን ካልወጋው ጥፋቱ የእኔ ነው። ፖሊሶቹ፣ “እኛም ተኳሽ አንተም ተኳሽ፣ አንተ ግን ዒላማ አትስትም” እያሉ ይቀልዱብኛል። ካኪ ይቅርባይ ነው፤ ብትበድለው ታጥበውና ትታረቃለህ። ከዚያ አዲሎ መንገድ ዳር የራሴን ቤት ከፈትኩ። አንድ ቀን ወደ ሶዶ የሚያልፉ ሻለቃ ካፖርታቸው መኪና ውስጥ ተጨማዶባቸው ገቡ። እስክተኩስላቸው ድረስ ጋቢዬን ደርበው በር ላይ ተቀመጡ። የመኪናው ረዳት ባላገር መስለውት “አባቴ፣ ከመንገድ ዞር በሉ!” አላቸው። ሻለቃው ዞር አሉ። ካፖርቱን ለብሰው ሲወጡ ረዳቱ መኪናው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው።

ቀጥሎ በሠራሁበት በሙዱላ ደግሞ ኮሪያ የዘመተ አንድ አስር አለቃ አለ። ጃኬቱ ፍራሽ ሥር ተዘርግቶ ስምንት ዓመት ተኝተውበታል። ወገቡ ላይ ያለው እጥፋት እንደ ጠባሳ ነው። ዛሬ እንፋሎት ብቻ፣ በሚቀጥለው ገበያ እንፋሎትና ብሩሽ፣ በሦስተኛው ገበያ ለብ ያለ ካውያ። አስር አለቃው በየገበያው እየመጣ “ሰውዬ፣ ኮሪያ ደርሼ የተመለስኩት ባነሰ ጊዜ ነው” እያለ ይጨቃጨቀኛል። ሲደርስ ለበሰው፣ እስከ አንገቱ ቆለፈው፣ መስታወቴ ፊት ቆመና የሦስት ሰዎች ስም ጠራ። የሞቱ ጓደኞቹ መሰሉኝ። አልጠየቅኩትም። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ፣ እንባዬ ቅርብ ነው።

የባሻ ላምቤቦን ነገር ወደ ኋላ ያቆየሁት ረስቼው አይደለም። ፈርቼው ነው። የሆነው ሆሳዕና ሳለሁ፣ ጋሽ በላቸው ዘንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ባሻ ላምቤቦ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ የሀዲያ ሽማግሌ ናቸው። ጣሊያን ሳይመጣ በፊት አዲስ አበባ ወታደር ገብተው፣ ሰሜን ዘምተው፣ ጦሩ ሲፈታ በእግራቸው የተመለሱ ሰው። ወረቀታቸው ከመጀመሪያ ቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። ለምስክርነት የቀራቸው የለበሱት የሱፍ ኮት ብቻ ነው። አብረዋቸው የዘመቱት ደግሞ አንዳቸውም አልተመለሱም። ስለዚህ መንደሩ ግማሹ ያምናቸዋል፣ ግማሹ “የበቅሎ ጠባቂ ነበር” እያለ ይስቅባቸዋል። ባሻ የሚለውን ስም እንኳን ለማሾፍ የሚጠራቸው ነበር።

ያን ዓመት ሰኔ ላይ ወሬ መጣ፦ ከመስቀል በኋላ የድሮ ወታደሮችን የሚመዘግቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። የተመዘገበ ለዘውድ በዓል ከፊት ይሰለፋል። ባሻ ኮታቸውን ታቅፈው በነገታው መጡ።

ጋሽ በላቸው አልነበረም። ለእናቱ ተዝካር መንዝ ሄዷል። ሲሄድ “ሱፍ ከመጣ ተቀበል፣ ስቀል፣ እኔን ጠብቅ” ብሎኛል። አማርኛው ግልጽ ነው፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።

“ልጄ፣ እንደ ፖሊሶቹ ቀጥ ይበልልኝ” አሉኝ ባሻ።

“ምላጭ ነው የማደርግልዎ!” አልኳቸው። አይ ጉረኛ!

በደንብ ጀመርኩ። ሰቀልኩ፣ ጠረግኩ፣ እንፋሎት አጠጣሁ። እጥፋቱ ወጣ። ግን ኮቱ አሮጌ ነውና ደረቱ ልል አለብኝ፣ ኮሌታው ወደቀ፣ የእጅጌው ጫፍ ቀጥ አልልም አለ። ከጎኔ ደግሞ ለፖሊሶቹ ካኪ የበጠበጥኩት ቡላ በሳህን ተቀምጧል። በሌላ አገር ስታርች ይገዙ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ እንሰት እያለ ማን ይገዛል? ነጭ ቡላ በሙቅ ውሃ አቅጥነህ ከቀባኸው ካኪ እንደ ሳንቃ ይቆማል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ብሩሹን ነከርኩና የኮቱን ደረት፣ ኮሌታና የእጅጌ ጫፎች ከውስጥ በኩል ቀባሁት። ተኮስኩት። ቆመ! ባሻ ሲያዩት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለኮቱ ሰላምታ ሰጡት። ደስታቸውን አይቼ እኔ ቁመቴ ጨመረ። ጋሽ በላቸው ሲመለስ አንዲት ቃል አልነገርኩትም።

ክረምቱ አለፈ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ባሻ መጡ፤ ኮቱን ዝናብ እንዳይነካው በእንሰት ቅጠል ጠቅልለውታል። ፈቱት። ወይኔ! ግራ ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ኮሌታው እንደ መጋዝ የተበላ፣ ሁለቱም የእጅጌ ጫፎች የሉም።

“አይጥ ነው” አሉ ባሻ። “ከዚህ ወስጄ ማገሩ ላይ ሰቀልኩት። ለስንት ዓመት እዚያው ተሰቅሎ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ኤርጎጌ ድመቷን ገርፋ አባረረቻት። የገዛ ቤቴ አዋረደኝ።”

እማማ ኤርጎጌ ሚስታቸው ናቸው።

እኔ ኮቱን አየሁ። ጀርባው ደህና ነው። ታችኛው ክፍል ደህና ነው። የተበላው ብሩሼ የሄደበት ቦታ ብቻ ነው፤ አይጡ የእኔን መንገድ ተከትሎ ነው የበላው። ካኪ በየሳምንቱ ይታጠባል፤ ቡላው አብሮ ይሄዳል። ክረምቱን ሙሉ የሚሰቀል ሱፍ ላይ ቡላ መቀባት ግን ለአይጥ ገበታ መዘርጋት ነው። ገባኝ፤ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን እዚያው እንደቆምኩ ነቀዘ።

ጋሽ በላቸው ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የቀዳዳውን ጠርዝ አሸና ጣቱን ቀመሰው። አየኝ። ባሻን “መዝጋቢዎቹ እስኪመጡ አምስት ቀን አለን፣ አይዞዎ” ብሎ ሸኛቸው። ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

“ለእኔ አትንገረኝ። እኔ ቀምሻለሁ። ለባለቤቱ ንገር።”

“ይገድሉኛል ጋሼ።”

“አይገድሉህም። ሰውየው ግን አሁን በገዛ ቤቱና በሚስቱ እየተቆጣ ነው የሚሄደው። ያን ሸክም ከአንገቱ አውርድለት።”

አምስቱን ቀን ሙሉ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሠራሁ። የቀረውን ቡላ ለብ ባለ ውሃ በነከርነው ጨርቅ እየጠቀጠቅን አወጣን፤ ማሸት የለም። ከታችኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሱፍ ቆርጠን ለደረቱ አደረግነው፤ ክሩንም ከዚያው ከጠርዙ መዘዝን፣ ቀለሙ እንዲገጥም። ጋሽ በላቸው ሰፋ፣ እኔ መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ። ጥገናውን ከውስጥ ተኮስን፤ በሩቅ አይታይም፣ በቅርብ ይታያል።

በመጨረሻው ቀን የቀኝ ትከሻው ላይ ደረስኩ። ሰኔ ላይ ሳላስተውለው ያለፍኩት፣ ከኮሌታው አጠገብ እስከ ብብቱ የወረደ፣ ሦስት ጣት የሚሰፋ፣ ጎድጎድ ያለና ያብረቀረቀ መስመር አለ። እንፋሎት ላጠጣው ሳነሳ ጋሽ በላቸው አንጓዬን ያዘኝ። ካውያ በእጁ ይዞ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

“ይህን ተው።”

“ተጨማዷል እኮ ጋሼ።”

“መጨማደድ አይደለም። የጠመንጃ ማንገቻ ነው። ዓመታት በእግሩ የተጓዘ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሳጥንና ማገር ያመጡትን እጥፋት አውጣ፤ ሰውየው ራሱ ያመጣውን አትንካ። እሱን ካወጣህ ሌጣ ጨርቅ ነው የሚቀርህ።”

በነገታው ጠዋት የአውራጃው ግቢ በሰው ሞላ። መዝጋቢው መነጽር ያደረገ ወጣት ሻምበል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ መዝገብና ቀለም። ባሻ ኮቱን ለብሰው ተራቸውን ጠበቁ። እኔ ብሩሽ ይዤ ሰው ኋላ ቆሜያለሁ። እማማ ኤርጎጌ ከሴቶቹ ጋር አጥሩ ሥር ናቸው።

“ወረቀትህስ?” አለ ሻምበሉ።

“ተቃጥሏል። ኮቴ ይኸው።”

ሻምበሉ ደረታቸውን ቀረብ ብሎ አየ። “ይህ ተጠጋግኗል እኮ። ከገበያ ገዝተህ አለመጠገንህን በምን ልወቅ? ያለ ማስረጃ አልጽፍም።”

እውነቱን ነው፤ ሥራው ነው። ግን ከኋላ አንዱ “የበቅሎ ጠባቂው!” ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ተያያዘ። ባሻ ቁልፎቹን ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር።

ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ እግሬ ሳላዘው ተነሳ።

“ጌታዬ፣ የጠገንነው እኛ ነን! ከሰኔ በፊት ቀዳዳ አልነበረውም። ያስበላሁት እኔ ነኝ። እንዲቆም ብዬ ቡላ ቀባሁት፣ አይጥ በላው። የባሻ ቤት ጥፋት የለበትም። የድመቷም የለበትም።”

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ኤርጎጌ በሀዲይኛ ጮኹ፤ በአማርኛ ብመልሰው “አንተ ነህ ድመቴን ያሰደድከኝ!” ማለት ነው። ባሻ ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ዘወር ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

“ቀኝ ትከሻቸውን ይመልከቱ” አልኩ ለሻምበሉ። “እሱን እኛ አልሠራነውም።”

ሻምበሉ ተነሳ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። በጣቱ መስመሩን ተከተለ። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠርቶ ጠመንጃውን ባዶ አስደረገና ለባሻ ሰጣቸው። ባሻ ተቀብለው አነገቱት። ማንገቻው መስመሩ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ፤ በግራም በቀኝም ትርፍ የለውም። ማንም ሳያዛቸው ጀርባቸው ቀና፣ ተረከዛቸው ተጋጠመ፣ አገጫቸው ተነሳ። የሳቀው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ።

ሻምበሉ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ብዕሩን ቀለም ነከረ። “አባቴ” አለ፣ “ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።”

ነገሩት። የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የወደቁትን ጓደኞቻቸውንም ስም ጨምረው ነገሩት። ሻምበሉ አላቋረጣቸውም። እኔ የብሩሹን እጀታ ነክሼ አለቀስኩ። ባሻ ግን ሲወጡ በአጠገቤ አልፈው ሄዱ፤ ሰላምታ የለም፣ ስድብ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። ጋሽ በላቸውን “ሥራውን ልተወው” አልኩት። “ተወው” አለኝ፣ “ግን መጀመሪያ የአዲሱን ዳኛ ሸሚዝ ጨርስ።”

የዘውድ በዓል ቀን ባሻ ከፊት ተሰለፉ። እኔ ከሩቅ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ሆኜ አየኋቸው። ሰልፉ ሳያልቅ ያልታሰበ ዝናብ መጣና ሁሉም በሰበሰ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በነገታው ጠዋት ከሰል እየለቀምኩ ሳለሁ በሩ ጨለመ። ባሻ ላምቤቦ ናቸው፤ እርጥብ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ተሸክመዋል። ጋሽ በላቸው ካውያውን አስቀምጦ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። ባሻ በአክብሮት ጎንበስ አሉለት፤ ኮቱን ግን አልሰጡትም። አልፈውት እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ መጡ። እጄ በከሰል ጠቁሯል፤ እስክታጠብ ድረስ ቆመው ጠበቁኝና ኮቱን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

“ዝናብ መትቶታል” አሉኝ። “አንተ ሥራው። እኔ እዚሁ ሆኜ አይሃለሁ።”

ወንበር ሳብኩላቸው።